ነፃው ዘበኛ ደመወዙን ከማን ይቀበላል?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በአቫስት ላይ ያሳለፈውን ውሳኔ ይፋ አደረገ። ፀረ ቫይረስ አምራቹ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና የተጠቃሚዎቹን የድረ ገጽ ጉብኝት መረጃ ለማስታወቂያ ሥራ መሸጥ እንዲያቆም የሚያስገድድ ነበር። ኮሚሽኑ እንዳስረዳው ኩባንያው ቢያንስ ከ2014 ጀምሮ በብሮውዘር ማከያዎቹና በፀረ ቫይረሱ በኩል ሰዎች የትኛውን ገጽ እንደከፈቱና ምን እንደፈለጉ ሲሰበስብ ቆይቷል። የሰበሰበውንም ጃምፕሾት በተባለ ንዑስ ኩባንያው አማካይነት ከ100 ለሚበልጡ ድርጅቶች ሸጧል። ከዚያ መረጃ የሰውን ሃይማኖት፣ የጤና ጭንቀት፣ የፖለቲካ ዝንባሌና የገንዘብ አቅም መረዳት ይቻል ነበር። እጅግ የሚያሳዝነው፣ እነዚህ ሰዎች ሶፍትዌሩን የጫኑት ከሰላይ ለመጠበቅ ብለው መሆኑ ነው።

አቫስት ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1988 ፕራግ ውስጥ በአንድ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ፓቬል ባውዲሽ «ቪየና» የተባለውን ቫይረስ ፍሎፒ ዲስክ ላይ አገኘና ማጥፊያውን ራሱ ጻፈ። ከባልደረባው ከኤድዋርድ ኩቼራ ጋር ያቋቋሙት ድርጅት በ2001 ሶፍትዌሩን ለቤት ተጠቃሚዎች በነፃ መስጠት ጀመረ። ስሌቱ ግልጽ ነበር። ከብዙ ነፃ ተጠቃሚ መካከል ጥቂቱ የሚከፈልበትን ይገዛል። የማይገዛውም ለኩባንያው ይጠቅማል፤ አዲስ ቫይረስ በአንዱ ቤት ኮምፒውተር ላይ ብቅ ሲል የሚላከው ምልክት ሌላውን ሁሉ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም ልውውጥ ነው።

ጃምፕሾት ግን ልውውጡን አበላሸው። መረጃው ቫይረስ ለማደን መዋሉ ቀርቶ የሸማችን ልማድ ለነጋዴ መቸርቸሪያ ሆነ። በጃንዋሪ 2020 ማዘርቦርድና ፒሲማግ የተባሉት መገናኛ ብዙኃን ጉዳዩን በጋራ ሲያጋልጡ፣ አቫስት በቀናት ውስጥ ጃምፕሾትን ዘጋ። የተሸጠው መረጃ ስም ባይኖረውም ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተሰጠ መለያና የጉብኝቱን ሰዓት ይዞ ነበር፤ ሌላ መረጃ በእጁ ያለ ገዢ ሁለቱን አገናኝቶ ባለቤቱን ሊለይ ይችል ነበር።

ፀረ ቫይረስን ከሌላው ሶፍትዌር የሚለየው ሥልጣኑ ነው። የቤቱን ቁልፍ ሁሉ እንደያዘ ዘበኛ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ያያል፣ ሌላውን ፕሮግራም ያስቆማል፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱን ያድሳል። በጁን 2024 የአሜሪካ መንግሥት የሩሲያው ፀረ ቫይረስ ካስፐርስኪ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ። በሴፕቴምበር ብዙ አሜሪካውያን ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪ ተነቅሎ፣ አልትራኤቪ የተባለ የማያውቁት ፕሮግራም በቦታው ተተክቶ ጠበቃቸው። ኩባንያው ቀደም ብሎ ኢሜይል ቢልክም፣ አዲሱ ፕሮግራም እነሱ ምንም ሳይነኩ ይገባል ብለው ያሰቡ ጥቂቶች ነበሩ።

ስለዚህ ለቤቱ ኮምፒውተር ነፃ ጥበቃ የሚመርጥ ሰው «የትኛው ይበረታል?» ከማለቱ በፊት «ሠሪው በምን ይተዳደራል?» ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ዊንዶውስ ለሚጠቀም ሰው የመጀመሪያው መልስ ብዙ ጊዜ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው። ዲፌንደር የተባለው የማይክሮሶፍት ፀረ ቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ወጪውም ከዊንዶውስ ገቢ ይሸፈናል። ማይክሮሶፍትም ቢሆን ከኮምፒውተሩ መረጃ ይሰበስባል። ነገር ግን የእሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚጠቀም ሰው ይህን አስቀድሞ ተቀብሏል፤ ዲፌንደርን በመጠቀሙ ሌላ አዲስ ኩባንያ ወደ ቤቱ አያስገባም።

«ዲፌንደር አይረባም» የሚለው ምክር ዛሬም ይሰማል፤ በአንድ ወቅት እውነት ስለነበረ ነው። በ2012 ማግደቡርግ፣ ጀርመን የሚገኘው ኤቪ-ቴስት የተባለ የፍተሻ ተቋም የዲፌንደር ቀዳሚ ለነበረው ለማይክሮሶፍት ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ ማረጋገጫ ነፍጎት ነበር። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ሙሉ ፀረ ቫይረስን ከዊንዶውስ 8 ጋር አዋሃደ፤ ለዓመታትም ሲያሻሽለው ቆየ። በ2019 ዲፌንደር በዚያው ተቋም ፈተና ከ18 ነጥብ 18 አገኘ። ምክሩ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም።

እውነተኛ ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው። ዲፌንደር አጠራጣሪ ፋይል ሲያገኝ የማይክሮሶፍትን ሰርቨሮች ይጠይቃል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመለየት አቅሙ እንደሚቀንስ ኢንስብሩክ፣ ኦስትሪያ ያለው ሌላ የፍተሻ ተቋም፣ ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ፣ በፍተሻዎቹ አሳይቷል። ይህ ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለሳምንታት ከኢንተርኔት ጋር የማይገናኝ ኮምፒውተር በየቤቱ አለ፤ ቫይረሱም በፍላሽ ከፎቶ ኮፒ ቤት ይመጣል። እንዲህ ላለው ኮምፒውተር የዲፌንደርን አፕዴት ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ እንደ ማንኛውም ፋይል አውርዶ በፍላሽ መውሰድ ይቻላል።

ስለ ፍላሽ ከተነሳ አይቀር «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው አለ። ፎልደሮቹን ይደብቅና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል፤ ሾርትከቱ ሲከፈት ቫይረሱ ይነሳል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። የሚጠፋው ግን ያን ጊዜ ነው። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተደብቆ ስለሚገኝ፣ መጀመሪያ ፍላሹን በፀረ ቫይረስ ማጽዳት፣ ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማድረግ ይገባል።

ሌላው ችግር ክራክ ነው። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን ያለ ክፍያ የሚያስነሱ አክቲቬተሮች ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፉ» ከሚል መመሪያ ጋር ይመጣሉ። መመሪያውን የተከተለ ሰው፣ ማን እንደሠራው የማያውቀው ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ሲገባ ጠባቂውን በገዛ እጁ አሰናብቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩን ሱቅ ያስጫነ ሰው «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» የሚለውን ከፍቶ ጥበቃው መብራቱን በዓይኑ ቢያረጋግጥ መልካም ነው። እዚያው ውስጥ ፋይል ቆልፈው ገንዘብ ከሚጠይቁ ቫይረሶች የሚከላከል ክፍል አለ፤ ከመጀመሪያው ጠፍቶ ስለሚመጣ ማብራት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ከዲፌንደር ሌላ መጫን የሚፈልግም አማራጭ አለው። የቡካሬስቱ ቢትዲፌንደር ነፃ ቅጂ አለው። አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራና ኖርተን ዛሬ ጄን ዲጂታል በተባለ አንድ ኩባንያ ሥር ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው ባለቤት አልቀየረም። ነፃው ማልዌርባይትስ ሲታዘዝ ብቻ ይፈትሻል፤ ዘወትር ባይጠብቅም ዲፌንደር ያለፈው ነገር እንዳለ ለማየት ይረዳል። ዘወትር የሚጠብቁ ሁለት ፀረ ቫይረሶችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ መጫን ግን ማሽኑን ያዘገያል፣ እርስ በርስም ያጋጫል።

የትኛውም ቢመረጥ፣ ያልታደሰ ዊንዶውስን ፀረ ቫይረስ ብቻውን አያድነውም። ሜይ 2017 ላይ ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲመታ፣ ማይክሮሶፍት ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14, 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መለያ ቢያንስ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚያድስ ቢያስታውቅም፣ ይህ የዊንዶውስን የራሱን ቀዳዳ አይደፍንም። ለቤት ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 2026 የሚዘልቅ ተጨማሪ አፕዴት ቀርቧል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ለሚያደርግ ሰው ክፍያ የለውም። ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችል አሮጌ ማሽን ደግሞ እንደ ሊኑክስ ሚንት ባለ ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ገና ለዓመታት ሊሠራ ይችላል። በየትኛውም መንገድ ከመጓዝ በፊት የቤተሰቡን ፎቶዎችና ሰነዶች በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ፋይል የሚቆልፉ ቫይረሶች የተሰካውንም ዲስክ አብረው ይቆልፋሉና።