ደንበኛ መንገደኛና የመካነ ሰላም አውቶቡስ

«ደንበኛ» የሚለው ቃላችን ከ«ደንብ» የወጣ መሆኑን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ይኖራል። ዘወትር ከአንድ ነጋዴ ዘንድ የሚገዛ ሰው ደንበኛ መባሉ፣ በእርሱና በነጋዴው መካከል ያልተጻፈ ደንብ ስላለ ነው። ገዢው ሌላ ሱቅ ሳይዞር ወደዚያው ይመጣል፤ ሻጩም በሚዛን አያጎድልበትም፣ ይልቁንም ምርቃት ይጨምርለታል። በመካነ ሰላም ገበያ ጤፍ ወይም ባቄላ የምትሸጥ ሴት ለደንበኛዋ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በእፍኟ ዘግና ስትመርቅለት ማየት የተለመደ ነው። ያቺ እፍኝ በዋጋ ብትተመን ከቁጥር የምትገባ አይደለችም፤ ዳሩ ግን «አውቄሃለሁ፣ ነገም ተመለስ» የምትል መልእክት ናት።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን ያነሣሁት ስለ እህል ገበያ ለመጻፍ አይደለም። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚመላለሱት አውቶቡሶች ላይ ይህ ደንብ እንዴት እንደ ተገለበጠ፣ በየቤታችንም ያሉትን ሽማግሌዎችና ሕሙማን እንዴት እንደሚጎዳ ለመናገር ነው።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ የሚነሣው መንገድ ወደ ምዕራብ ዞሮ ጉጉፍቱን ይወጣል፤ በለጋምቦ ደጋ ላይ በአቀስታ በኩል አልፎ፣ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መካነ ሰላም ይገባል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ጎጃም ይሻገራል። አገሩ ደጋ፣ ነፋሱም የማይራራ ነው። በጉጉፍቱ ላይ ማለዳ የቆመ ሰው ጋቢ ደርቦ እንኳ ይንቀጠቀጣል።

እኔ በዚህ መንገድ መመላለስ የጀመርሁት በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ መኪናው አሮጌ፣ መንገዱም ጠጠርና አቧራ ነበረ፤ በክረምት ጎማው በጭቃ ተይዞ ሁላችንም ወርደን የገፋንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የቀድሞው ዘመን ሁሉ ማር ነበረ ብዬ አላወራም። ነገር ግን ረዳቱ መንገደኛውን በስሙ ያውቀው ነበር። አሮጊት ስትሳፈር ክንዷን ይዞ ያወጣታል፤ የምታጠባ እናት ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ትቀመጣለች፤ ጭነቱም ከጣራ ላይ ወጥቶ፣ ሸራ ለብሶ በገመድ ይታሰራል። ለምሳ በቆመ ጊዜ የወረደው ሁሉ ሳይመለስ ሞተር አይነሣም። ከዚህም በቀር አደራ የሚባል ነገር ነበረ። ደሴ ለሚማር ልጅ የሚላክ ስንቅ፣ የታመመ ዘመድ የሚጠብቀው መድኃኒት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ገንዘብ ሳይቀር ለሾፌሩ ይሰጣል። ታላቁ ልጃችን ደሴ በተማረባቸው ሦስት ዓመታት ባለቤቴ በየሁለት ሳምንቱ በሶና ዳቦ ቆሎ በሾፌር እጅ ትልክለት ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ላይ የቀረ የለም። ደረሰኝ አልተጻፈም፤ መተዋወቁ ደረሰኝ ነበር።

ዛሬ በትኬቱ ላይ የመቀመጫ ቁጥር ይጻፋል። ደረሰኙ መጣ፣ መተዋወቁ ግን ሌላ መልክ ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶቡሱ ከመናኸሪያ ሲወጣ በወንበሩ ልክ ጭኖ፣ መተላለፊያውም ባዶ ሁኖ ይወጣል፤ የሚያየው ተቆጣጣሪም ደስ ይለዋል። የከተማው ጫፍ ካለፈ በኋላ ግን በመንገድ ዳር ተቀጣጥረው የሚጠብቁ ሰዎች ይገባሉ። ረዳቱ ከወንበር ሥር ትንንሽ ዱካ እየሳበ ያወጣል፤ ዱካው ሲያልቅ ባዶ ጀሪካን ይጋደማል፤ ለሁለት በተሠራው ወንበር ላይ ሦስተኛ ሰው በግማሽ ጎኑ ይንጠለጠላል። ከሰውም ጋር ዶሮውና ሽንኩርቱ አብሮ ይገባል። መስኮት ይከፈት የሚል ሰው ቢገኝ «ብርድ ሊመታን ነው» የሚል አሥር ድምፅ ይነሣበታልና እርሱም ዝም ይላል። ፍተሻ ሲቀርብ ደግሞ «ዝቅ በሉ» የሚል ትእዛዝ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ጥምጥም ያሰረ ሼህ ወይም በአገር የተከበረ ሽማግሌ ገንዘቡን ከፍሎ ሳለ እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ይሸሸጋል። እኔን ከመጨናነቁ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ መሸሸግ ነው።

አማቴ ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ ነው። ስለ ደም ግፊትና ስለ ልባቸው በየሦስት ወሩ ደሴ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ። ባለፈው ዓመት በጥር ወር ለጉዞው በዋዜማው ሄጄ ከሾፌሩ ኋላ ያሉትን ሁለት ወንበሮች ቆረጥሁ። በማግሥቱ ተሳፍረን ከተማውን እንደ ወጣን፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀን ረዳት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እናንተ የቤት ሰው ናችሁ። እነዚህ ሁለቱ እንግዶች ናቸው፣ ፊት እንቀመጣለን ብለው ጨምረው ከፍለዋል፤ እማማን ትንሽ ወደ ኋላ ብናደርጋቸውስ?» አለኝ። እኔ ለመከራከር አፌን ስከፍት አማቴ፣ «ተው ልጄ፣ በጧት አትጣላ» ብለው ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ። ከኋለኛው ጎማ በላይ ካለው ወንበር ተቀመጥን። አቀስታ ላይ ለቁርስ ሲቆም መተላለፊያው በሰውና በዱካ ስለ ተዘጋ እርሳቸው መውረድ አልቻሉም። ደሴ እስኪደርሱም እንደዚያው ታገሡ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ነገሩን ልጃቸው ቀስ ብላ ጠይቃ ስትረዳው፣ አማቴ በጉዞ ቀን የሚያሸናውን ክኒናቸውን ሳይውጡ፣ ከዋዜማውም ማታ ጀምሮ ውኃ ሳይጠጡ ይሄዱ ኖሯል። በመንገድ የሚወርዱበት እንደማይኖር አስቀድመው ያውቁታልና። ሐኪሙ በዚያ ቀን ግፊታቸውን ለክቶ ከፍ ብሎ ባገኘው ጊዜ ምክንያቱን አልነገሩትም፤ ለወንድ ሐኪም እንዲህ ያለውን መናገር አፍረው ነው። በሚያዝያው ቀጠሮ ደግሞ «ይቅርብኝ» ብለው ቀሩ።

«የቤት ሰው» የሚለው ቃል ያማረ ነው። በአገራችን ሥርዓት ማዕድ ሲቀርብ እንግዳ ይቀድማል፣ የቤት ሰው ይከተላል፤ ይህም የሚያስመሰግን ልማድ ነው። ዳሩ ግን የቤት ሰው የሚታገሠው ቤቱ የእርሱም ስለ ሆነ ነው። እኛ ከአውቶቡሱ ገቢ አንድ ሳንቲም አንካፈልም፤ የቤት ሰው የምንባለው ትዕግሥት በሚጠየቅበት ሰዓት ብቻ ነው። እንግዳው ይጮኻል ተብሎ ይፈራል፤ ደንበኛው አይጮኽም፣ ነገም ይመለሳል ተብሎ ይገፋል። እንግዲህ ዘወትር መምጣት እንደ ዕዳ ከተቆጠረ፣ የገበያዋ ሴት እፍኝ ወደ ኋላ ሄደች ማለት ነው፤ ከደንበኛው ቁና ላይ ይዘገናል።

ይህ ክፉ ልማድ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በባሕር ማዶ ሰዎች ለመዝናናት ብቻ የሚሳፈሩባቸው፣ እንደ ከተማ የገዘፉ መርከቦች አሉ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» የምትባለው የሮያል ካሪቢያን መርከብ እስከ 7,600 መንገደኞች ልትጭን ትችላለች። ኩባንያው ደጋግሞ ለሚሳፈር ሰው እንደ ሌሊቱ ብዛት ማዕርግ ይሰጠዋል፤ ከወርቅ ተነሥቶ በአልማዝ በኩል እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ ለባለ ማዕርጎቹም የተለየ ሳሎን አለ። ነገር ግን በእንዲህ ያሉ መርከቦች የቆዩ መንገደኞች የሚያሰሙት ወቀሳ ከእኛው ጋር ይመሳሰላል፤ መርከቡ ገዘፈ፣ ሰው በዛ፣ በስማችን የሚያውቀን አስተናጋጅ ጠፋ፣ ባለ ማዕርጉም ከመብዛቱ የተነሣ የተለየው ሳሎን ራሱ ወረፋ ሆነ ይላሉ። የባሕር መንገደኛው ቅር ቢለው ግን በሚመጣው ዓመት ሌላ መርከብ ይመርጣል፣ ወይም ከቤቱ ይውላል። ለአማቴ ከቤት መዋል ማለት ሐኪም ማጣት ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ፍርድ አጓድላለሁ። ጉጉፍቱ ላይ ሕፃን ያዘለች ሴት በጉም ውስጥ ቆማ እጇን ስታነሣ «ወንበር የለም፣ እለፋት» የሚል ማን ነው? እኔም አልልም። ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚመጣ እርሷም እኛም አናውቅም። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ደሴ በጦርነቱ ተይዛ እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆየችበት ጊዜ መንገዱ ምን እንደ ነበረ ሁሉም ያስታውሳል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መኪና ሳይንቀሳቀስ የዋለበት ቀን ብዙ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህም የነዳጁ ወጪ ለባለንብረቱ ከብዶበታል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም በብርድ ስለ ቆመች አንዲት እናት ሁሉም ጠጋ ጠጋ ማለቱ ሌላ ነው፤ ከከተማው ጫፍ አሥራ አምስት ሰው ቀጥሮ ማስገባት ሌላ ነው። ያችን እናት ለማሳፈር ቦታ የሚጠፋውም እነዚያ አሥራ አምስቱ አስቀድመው ስለ ሞሉት ነው። ለዱካ የሚከፈለውም ገንዘብ ትኬት የለውም፤ ከባለንብረቱ ኪስ መድረሱን እንኳ እጠራጠራለሁ።

በ2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ ተሽከርካሪዎች በወንበራቸው ግማሽ እንዲጭኑ በታዘዘ ጊዜ፣ ታሪፉ እጥፍ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። ዋጋው ጎዳን፤ መተላለፊያው ግን ባዶ ነበረ። አማቴ በዚያን ጊዜ አንድ ጊዜ ደሴ ሄደው ሲመለሱ፣ «እንዲህም ሁኖ ይኬዳል ለካ!» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። እጥፍ ይከፈል ማለቴ አይደለም፤ አንድ ወንበር ለአንድ ሰው ቢሆን ምን እንደሚመስል አየነው ማለቴ ነው።

ሕግ ጎድሎ አይደለም። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንቡ ከልክ በላይ ሰው መጫንን ቅጣት የሚያስከትል ጥፋት አድርጎታል። ነገር ግን ቁጥጥሩ በመናኸሪያው በር ላይ ከሆነ፣ በሩ ላይ ጥፋት የለም፤ ጥፋቱ ከበሩ አምስት ኪሎ ሜትር ወዲያ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ሹማምንት አንድ ማለዳ ማዕርጋችሁን ሳታሳዩ፣ እንደ ተራ መንገደኛ ትኬት ቆርጣችሁ እስከ አቀስታ ብትጓዙ፣ ከብዙ ሪፖርት የበለጠ ታያላችሁ። ደግሞም የሚጨናነቅበት ቀን ሳይታወቅ የሚመጣ አይደለም። ለገና፣ ለፋሲካና ለዓረፋ ሰው ወደ አገሩ ይገባል፤ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን ሲጠራና ሲያሰናብት ቀኑን ያስታውቃል። ለእነዚህ ቀናት ተጨማሪ መኪና አስቀድሞ መመደብ ይቻላል። የፊተኞቹን ሁለት ረድፎች ለሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ለሚያጠቡ እናቶች መተው ደግሞ ወጪ የለውም፤ ቀድሞ ያለ ትእዛዝ ይደረግ የነበረ ነው።

ይህን ገጽ የምታነቡ እመቤቶችም በየቤታችሁ አረጋዊ የምትልኩ ብትሆኑ፣ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስዱ እንደ ሆነ ጠይቁአቸው፤ በጉዞ ቀን ስለ ሰዓቱ ምን ማድረግ እንዲገባ ሐኪሙን አስቀድማችሁ አማክሩላቸው። እነርሱ አፍረው አይናገሩትም። የተቆረጠውንም ወንበር አብሯቸው የሚሄደው ልጅ እንዳይለቅ ንገሩት፤ እርሳቸው «ተው» ቢሉት እንኳ።

የአማቴ ቀጠሮ በሚመጣው ጥቅምት ነው። ባለቤቴ ራሷ አብራቸው ልትሄድ ወስናለች፤ ትኬቱንም በዋዜማው እንቆርጣለን። አማቴ እሄዳለሁም አልሄድምም አላሉም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክኒኑን ጧት ውጠው መሳፈር ይችሉ እንደ ሆነ።