በጠመንጃው ላይ የተጻፈው ዘመን

በቤታችን ግድግዳ ላይ ለብዙ ዘመን ተሰቅሎ የኖረ አንድ አሮጌ ጠመንጃ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ያደግሁት፥ ቅድመ አያቴ በዐድዋ ጦርነት ከጠላት የማረኩት ነው ሲባል ነው። ማስረጃ የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣም አባቴ ጠመንጃውን አውርደው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቍጥር በጣታቸው ያሳዩት ነበር። ቍጥሩ 1888 ይላል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘ ስለ ሆነ፥ ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚፈልግ ሰው በቤታችን አልነበረም።

አባቴ ካረፉ በኋላ ጠመንጃው ለእኔ ደረሰኝ። እኔም የጦር መሣሪያ ምልክቶችን ማንበብ ጥቂት ተምሬ ስለ ነበር፥ አንድ ቀን በመስኮት ብርሃን አጠገብ አስቀምጬ መረመርሁት። ዘውድ አለበት፤ ቴርኒ የሚል የኢጣልያ ከተማ ስም አለበት፤ ከዚያም ያ 1888 አለ። ኢጣልያዊ አንጥረኛ በእኛ አቈጣጠር ዘመን አይጽፍም። በአውሮፓ አቈጣጠር 1888 ማለት በእኛ 1880 ወይም 1881 ነው፤ ይኸውም ጠመንጃው የተሠራበት ዓመት እንጂ የተማረከበት አይደለም። ይሁን እንጂ የቤታችን ማስረጃ ቢወድቅም ታሪኩ ገና አልወደቀም ነበር፤ ከጦርነቱ ስምንት ዓመት ያህል አስቀድሞ የተሠራ ጠመንጃ ዐድዋ ላይ ሊገኝ ይችላልና።

የጠመንጃን እውነተኛነት የሚመረምር ሰው በአንድ ምልክት ብቻ ሊፈርድ አይገባውም። ስሙ እንኳ ምልክት ነው፤ ውጅግራ የፈረንሳዩን የፉዚ ግራን፥ በልጅግም የቤልጅግን ስም እንደ ያዘ ይኖራል። የብረቱ ቍጥርና የሰደፉ ቍጥር መመሳሰላቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ባይመሳሰሉም ሰደፉ ተለውጧል ማለት እንጂ ጠመንጃው ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። በቅርብ የተመታ ማኅተም ጠርዙ ስለታም ነው፤ የጥንቱ ግን ከብረቱ ጋር አብሮ ያረጀ፥ ዝገቱም እስከ ፊደሉ ውስጥ የዘለቀ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ጠመንጃውን አሳምራለሁ ብሎ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ነው፤ ብረቱ ሲያበራ ታሪኩ ይጠፋል።

የእኛን ጠመንጃ አፈሙዝ ባየሁ ጊዜ ግን ልቤ ደነገጠ። በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ቀለበት ያለ መስመር አለ፤ በሰፊው ቧንቧ ውስጥ ሌላ ጠባብ ቧንቧ ገብቷል። ቬተርሊ የሚባለው ይህ የኢጣልያ ጠመንጃ ሲሠራ የጥይቱ ስፋት 10.35 ሚሊሜትር፥ ካዝናውም በ1887 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት አራት ጥይት የሚይዝ ነበር። የእኛው ግን 6.5 ሚሊሜትር፥ ካዝናውም ስድስት ጥይት የሚይዝ ነው። እንዲህ ያለው ለውጥ የተደረገው በአንደኛው የዓለም ጦርነት፥ ከ1915 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ፥ በኢጣልያ ነው። እንግዲህ ከዐድዋ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ እንኳ ይህ ጠመንጃ በኢጣልያኖች እጅ ነበረ።

ለብዙ ቀን ዝም አልሁ። የአባቴን ቃል ያፈረስሁ መሰለኝ። በመጨረሻ ዘጠና ዓመት ለተጠጉት ለአባቴ ታላቅ እኅት እያፈርሁ ነገርኋቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም።

«ልጄ፥ ይህንስ ማን ጠየቀኝና ልንገር?» አሉኝ። «አባባ ለአርበኝነት ሲወጡ የያዙት የአባታቸውን ውጅግራ ነበር። ያ ነው የዐድዋው። ጥይቱ ቢያልቅባቸው በዱር ቀረ። ይህን ከጠላት ወስደው ይዘውት ገቡ። እናቴ ናት የነገረችኝ። ሰው ሲጠይቃቸው ‹የአባቴ ጠመንጃ ነው› ይሉ ነበር፤ የአባቴን መሣሪያ ጣልሁ ማለት አሳፍሯቸው ይሆናል።»

አያቴ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ስለ ነበረው የመከራ ዘመን ቢጠየቁ «እግዚአብሔር አወጣን» ብለው ያልፉት ነበር። እኛም ዝምታቸውን ሥራ እንዳልሠሩ ቈጥረን፥ በእጃቸው ያገኙትን ክብር ለአባታቸው ሰጥተን ኖርን። ጠመንጃው ግን በአፈሙዙ ቀለበት የእሳቸውን ምስክርነት ይዞ ይጠብቅ ነበር።

ዛሬ ጠመንጃው በስፍራው ተሰቅሏል፤ አልተፈገፈገም፥ አልተቀባም። ከሥሩ ግን አክስቴ የነገሩኝን በወረቀት ጽፌ አኑሬአለሁ፤ ብረት የተሠራበትን ዘመን ይናገራል እንጂ ማን እንደ ተሸከመው አይናገርምና። ያንን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየቤቱ አሉ፤ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።