ስሙ ከሮማ፣ ግሱ ከቤት

የትራክተርን ሞተር በግቢ አውርዶ ማደስ፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ፣ ቦታውን የሳተ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ የአካባቢው እርሻ በመኖሪያ ቤት ከተተካ ቆይቷልና። ይሁንና ክፍለ ከተማው ከአምቦና ከጅማ መንገዶች መውጫ አጠገብ ያለ በመሆኑ፣ በአንድ ወገን የወልመራና የበቾ ማሳ፣ በሌላው ወገን የመርካቶ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ስለማይርቁት፣ ትራክተር ሲታመም ለመተኛት የሚመቸው ስፍራ ነው።

የሕመምተኛው የዘር ሐረግ ረጅም ነው። ትራክተር የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን ጎታች ማለት ነው፤ በአዲስ አበባ የዚህ ጎታች ብረት ቅድመ አያት ሊባል የሚችለውም በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ለመንገድ መዳመጫ ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሄደው «የሰርኪስ ባቡር» ነው። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ናዝሬት ላይ በተቋቋመው ፋብሪካ ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ትራክተር፣ ማለትም የሚንስኩ ኤም ቲ ዜድ 80፣ ለግቢ ጥገና ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት፣ 110 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ከሞተሩ አካል ተነጥሎ ስለሚወጣ፣ ሲበላ እንደ ልብስ ይቀየራል እንጂ ግዙፉ ብረት ተጭኖ ወደ ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን ወደሚላግበት ስፍራ፣ አይሄድም።

እንደ ልብስ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መካኒኮች ይህን ቱቦ ካሚቻ ይሉታል፤ በጣሊያንኛ ሸሚዝ ማለት ነው። ሸሚዝ ደግሞ ከፈረንሳይኛ፣ ቀሚስ ከዐረብኛ የገቡ ሲሆኑ፣ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ሦስቱንም ወደ አንድ የላቲን ሥር ይመልሷቸዋል፤ እናም የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ካሚቻ የሚያወጣው መካኒክና በጥቁር ዘይት እንዳይበላሽባት ቀሚሷን ሰብስባ የምታልፈው የግቢው እመቤት፣ ሳያውቁት ስለ አንድ ጨርቅ ይጨቃጨቃሉ። በፒስተኑ ዙሪያ የሚጠመጠመው፣ የታመቀው አየር ወደ ታች እንዳያመልጥ የሚያግደው ቀለበት ፋሻ ይባላል፤ ቁስል የሚታሰርበት ፋሻም የዚያው የጣሊያንኛ ቃል ልጅ ሲሆን፣ የፒስተኑ ፋሻ ሲያልቅ ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን ሲደረደሩ፣ በ1928 የገባው ወራሪ በ1933 ሲባረር የመሣሪያ ሣጥኑን ረስቶ የሄደ ያስመስላሉ፤ ነገር ግን ቃላቱን ያጸኗቸው ከጦርነቱ በኋላ በየጋራዡ የቀሩት ጣሊያናውያንና በእነርሱ ሥር ሙያውን የቀሰሙ ረዳቶች ጭምር ናቸው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ቴስታታ ነው፤ ይህም የሲሊንደሮቹን አናት የሚከድነው፣ ቫልቮችን የተሸከመው ከባድ ክዳን ነው። ስሙ ራስ ከሚለው የጣሊያንኛ ቴስታ የተገኘ ሲሆን፣ የቴስታ አባት የሆነው የላቲን ቃል በመጀመሪያ የሸክላ ዕቃ፣ ኋላም የራስ ቅል ማለት ነበር፤ ቀራኒዮም ከግሪክ የመጣ፣ ትርጉሙም የራስ ቅል የሆነ ስም ነው። ስለዚህ በቀራኒዮ ግቢ ቴስታታ የሚያወርድ ሰው በራስ ቅል ሰፈር የራስ ቅል ይከፍታል። መልሶ ሲከድን ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ዳዶዎቹ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር በዙር በዙር ካልጠበቁ ክዳኑ ይንሻፈፍና ውሃው ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል።

ስሞቹ እንዲህ ከየባሕር ማዶው ቢሰበሰቡም፣ ከግሶቹ ግን አንድም በውሰት የመጣ የለም። ሞተር ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይገጠማል፤ መፍታት ቡሎን ማላቀቅ ብቻ ሳይሆን የሟች ፍታትም የወጣበት ግስ ነው። ስም ከዕቃው ጋር በሣጥን ታሽጎ ሊመጣ ይችላል፤ ግስ ግን እጅ ሥራውን ሳይለምደው አይገኝም፤ ሙያው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰውም የዕቃዎቹን ስም ትቶ ሥራዎቹን ቢያዳምጥ ይበጀዋል። ካሚቻው፣ ፋሻውና ቴስታታው በየቦታቸው ከገቡ በኋላ፣ ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አስሎ ጥቁር ጭስ ሲለቅ፣ ከግቢው የሚሰማው ጩኸት «ተነሣ!» የሚል ነው፤ ይህን ቃል ደግሞ ለቀራኒዮ ሰው መተርጎም አያስፈልግም።