መቼ ነው የሚያንቀጠቅጣት?

በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው አንድ ነገር ይማራል። ማምሻውን ሒሳቡ አልገጥም ሲል፣ ጣቱን ወደ ጎረቤቱ መስኮት ከመቀሰሩ አስቀድሞ የራሱን ሣጥን ደግሞ ይቆጥራል። እኔም በዚህ ሕግ ለዓመታት ኖሬበታለሁ፤ ለአዳዲስ ሠራተኞችም አስተምሬዋለሁ። ይሁንና ከዕለታት አንድ ቀን፣ በገንዘብ ሳይሆን በመኪና ምክንያት፣ ይህንኑ ሕግ ዘንግቼ ያለኝን አንድ ወንድም ላጣ ጥቂት ቀረኝ። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ይህንኑ ነው።

አባታችን የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሲያርፍ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ያወረሰን አንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት። በሥራ ቀናት ወንድሜ ይይዛታል፤ ቅዳሜና እሑድ የእኔ ናት። አባባ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ የሚነግረን አንድ ቃል ነበረው፦ «ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል እንጂ በፍሬን አይወረድም።» እኛ ቃሉን እንደ ሽማግሌ ወግ ሰምተን አሳለፍነው።

በ2011 ዓ.ም. ፋሲካ ሲቃረብ፣ እናቴን ለመጠየቅ ብቻዬን ወደ ደብረ ማርቆስ ተጓዝሁ። ጎሐ ጽዮንን አልፌ ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መንገዱ ከደጋው አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ፣ በሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሐሳቤ በበዓሉና በጀመርሁት አንድ ግጥም ላይ ነበር። ማርሹን አራተኛ ላይ ትቼ፣ እግሬንም ከፍሬኑ ሳላነሣ ወረድሁ። ከግማሽ መንገድ በኋላ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ መጣ። ከፊቴ ያለው የጭነት መኪና ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ከድልድዩ አጠገብ ለፍተሻ ስንሰለፍ፣ መኪናዋ እንዳትንሸራተት ፍሬኑን አጥብቄ እንደ ረገጥሁ ብዙ ደቂቃ ቆየሁ። ከዚያም ዳገቱን ወደ ደጀን ወጣሁ፤ በዓሉም በሰላም ዋለ። በመልሱ ጉዞ ፍሬን ስይዝ መሪው በመዳፌ ውስጥ ጥቂት ሲርገበገብ ተሰምቶኝ ነበር፤ መንገዱ ነው አልሁና ተውሁት።

እንደ ተመለስሁ ለሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላክሁ፤ መኪናዋም ሦስት ሳምንት ወንድሜ ዘንድ ቆየች። ተረክቤያት ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስወርድ ፍሬን ብይዝ፣ መሪው በእጄ ላይ እንደ ወንፊት ተንቀጠቀጠ። በቀጥታ ወደ ቤት ነዳኋት።

«ምን አድርገሃት ነው?» አልሁት።

«ምንም።»

«አባባ በስንት ዓመት ያላበላሻትን አንተ በሦስት ሳምንት ገደልሃት!»

ወንድሜ አልመለሰልኝም። የእርሱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። ሁለት ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። እናቴ በስልክ «ወንድምህስ?» ስትለኝ፣ «ሥራ በዝቶበት ነው» እያልሁ እዋሻት ነበር።

በእነዚያ ሁለት ወራት መኪናዋን ይዤ ዞርሁ። አንደኛው ጋራዥ «ምን ሆነች?» አለኝ፤ «ትንቀጠቀጣለች» አልሁ፤ ጎማዎቹን ባላንስ አሠራልኝ። ሁለተኛው «ምን ሆነች?» አለኝ፤ «ትንቀጠቀጣለች» አልሁ፤ ቦልጆንት ለወጠልኝ። ያወጣሁት ገንዘብ ከአንድ ወር ደመወዜ በለጠ፤ መንቀጥቀጧ ግን እንደ ነበረ ነበር። በከፈልሁ ቁጥርም በወንድሜ ላይ ያለኝ ቂም ይጨምር ነበር።

ሦስተኛው በቆርቆሮ በታጠረች ጠባብ ግቢ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። መኪናዋን ገና ሳይነኩ ጠየቁኝ።

«መቼ ነው የሚያንቀጠቅጣት፣ ልጄ?»

«ሁልጊዜ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁልጊዜማ አይሆንም። ፍሬን ሳትይዝ፣ በሰማንያ በመቶ ስትነዳትስ?»

አሰብሁ። «ያን ጊዜስ ጸጥ ትላለች።»

«እንግዲያው የጎማ ባላንስ አይደለም። ባላንስ የጎደለው ጎማ ፍጥነት እንጂ ፍሬን አይጠብቅም። ፍሬን ስትይዝ የት ላይ ይሰማሃል? መሪው ላይ ነው ወይስ መቀመጫህ ሥር?»

«መሪው ላይ።»

«መሪው ከሆነ የፊቱን እንጠረጥራለን። መቀመጫው ቢሆን የኋላውን ታምቡር እናይ ነበር።»

ጥርጣሬያቸውን ግን ወዲያው እንደ ፍርድ አልያዙትም። ባዶ መንገድ ላይ በዝግታ እየነዱ የእጅ ፍሬኑን ቀስ አድርገው ሳቡት፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነውና። መኪናዋ ሳትርገበገብ ቆመች። የኋላው ነፃ ወጣ።

ተመልሰን በክሪክ አነሧት፤ የፊት ጎማዎቹንም ፈቱ። ባለ መርፌ መለኪያ በዲስኩ ላይ ደግነው ቀስ ብለው አዞሩት። «ሲዞር ወደ ጎን የሚወላገደው ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም» አሉ። አልበለጠም። ቀጥለው በማይክሮ ሜትር የዲስኩን ውፍረት ዙሪያውን በስምንት ቦታ ለኩት፤ ቁጥሩን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉ። ሰባቱ ተመሳሳይ ነበሩ። ስምንተኛው በ0.03 ሚሊ ሜትር ከሌሎቹ ይለያል። ልዩነቱ ከአንዲት የራስ ፀጉር ይቀጥናል፤ ነገር ግን ዲስኩ በዞረ ቁጥር ያቺ ወፈር ያለች ቦታ የፍሬኑን ሸራ እየገፋች ታልፋለች፤ ግፊቱም እስከ መሪው ይደርሳል።

«ሰው ሁሉ ዲስኩ ተጣመመ ይላል» አሉኝ። «አብዛኛውን ጊዜ ግን አልተጣመመም። ቀርበህ እየው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በስምንተኛው ቦታ ላይ፣ የሸራውን ቅርጽ የያዘ ጠቆር ያለ ምልክት እንደ ማኅተም ታትሟል።

«ይህ ፍሬኑ እንደ እሳት ግሎ ሳለ ረግጦ የቆመ ሰው ሥራ ነው። የጋለው ሸራ ከብረቱ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ ፍሬን በያዝህ ቁጥር ያቺ ቦታ ከሌላው ይልቅ ትግላለች፤ ትጠነክራለችም። መጀመሪያ እምብዛም አይሰማህም፤ እያደር ይብሳል። ለመሆኑ የትኛውን ቁልቁለት ወርደህ ነው የቆምኸው?»

«ዓባይን» አልሁ። ያ ሽታ፣ የዘጋሁት መስኮት፣ የፍተሻው ሰልፍ፣ በመልሱ መንገድ የተሰማኝ መርገብገብ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጡብኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ እንደ ሙያዬ አሰላሁ። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ስትወርድ ወደ 9.8 ሚሊዮን ጁል ኃይል ታወጣለች። ይህ 29 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 100 ዲግሪ የሚያደርስ ሙቀት ነው። ነፋሱ ጥቂቱን ይካፈላል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ካልተጋራው ግን ብዙው የሚያርፈው በእነዚያ ስስ ብረቶች ላይ ነው። አባባ ይህንን ሁሉ ያለ ስሌት ያውቀው ነበር።

ዲስኮቹ በጠርዛቸው ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ገና በላይ ስለ ነበሩ ቶርኖ ቤት ሄደው ተላጩ። አዛውንቱ ዲስኩ የሚያርፍበትን ገጽ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ አዲስ ሸራ ገጠሙ። የጎማውን ብሎኖችም አንዱን ካጠበቁ በኋላ ትይዩውን እያጠበቁ፣ ሁሉንም እኩል አሰሩ። «አሁን ከስልሳ ወደ ሃያ ደጋግመህ ቀንስ» አሉኝ፤ «በመካከሉ ግን አትቁም፤ ትንሽ እየነዳህ ይቀዝቅዝ።» እንዳሉኝ አደረግሁ። መሪው ጸጥ አለ። እኔ ግን አልረጋሁም።

በማግስቱ ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርሁለት።

«ጉድለቱ ተገኘ» አልሁት። «ከእኔው ሣጥን ነው። ዓባይን ስወርድ ያቃጠልኋት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ጥቂት ዝም አለና፣ «አውቄው ነበር» አለኝ። «ከደብረ ማርቆስ በተመለስህ ማግስት ነው መርገብገቧን ያየሁት። ከሥልጠናው ስትመለስ ልነግርህ ጠብቄህ ነበር።»

«ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልነገርኸኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? ምን አድርገሃት ነው አልኸኝ እንጂ። መቼ ጀመራት ብትለኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

የምመልሰው አልነበረኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሊነግረኝ የጠበቀውን ነገር፣ አፉን ሳይከፍት እኔው በጩኸቴ ዘግቼበት ነበር። ለጋራዥ ያወጣሁትን ብር በዓመቱ መጨረሻ ረሳሁት፤ ይህችን ቃሉን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ለ2012 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ አብረን ወደ እናታችን ሄድን። የነዳው እርሱ ነበር። ዓባይን በሁለተኛ ማርሽ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ፍሬን እየነካ ወረደ። ከድልድዩ አጠገብ ሜዳው ላይ ስንቆም የእጅ ፍሬኑን ስቦ እግሩን አነሣ። አንዳችን ለአንዳችን ምንም አላልንም። ዳገቱን ስንጀምር ግን እነዚህ ስንኞች መጡልኝ፤ በስንብቴ ልተዋቸው፦

«ማን ነው» ብዬ ስጮህ «መቼ ነው» ሳልል፣
ሰው ልጥል ነበረ ብረት ሊላጭ ሲችል።
ቁጣም ቁልቁለት ነው፣ በማርሽ ካልያዙት፣
ማኅተም ይተዋል ቆመው ሲረግጡት።

ቸር እንሰንብት።