የማን ልጅ ነው?

ዛሬ የማካፍላችሁ በራሴ ቤት፣ በራሴ ማዕድ ዙሪያ የደረሰ ነገር ነው። ታሪኩ ከእኔው ጥፋት ስለሚጀምር መጻፉ ቀላል አልሆነልኝም። ይሁን እንጂ በዚህ ዘመን በስልክ በኩል ሥዕል የማይገባበት ቤት ጥቂት ስለሆነ፣ የእኛ ቤት ጉዳይ የእናንተም ሳይሆን አይቀርም በሚል ብዕሬን አንስቻለሁ።

ምሽቱ የረመዳን ምሽት ነበር። ጅጅጋ በሚገኘው ቤታችን አፍጥረን፣ ሳምቡሳውና ቴምሩ ገና ሳይነሣ፣ ተራዊሕ እስኪደርስ ተቀምጠናል። እናቴ ቡና ታፈላለች። አጠገቧ የቤቱ ልጆች ሁሉ «ኤዶ» የሚሏቸው ሶማሌዋ ጎረቤታችን አሉ። የአሥራ ሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከቶጎ ውጫሌ በመጣለት ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ ድንገት ሳቁ አመለጠውና፣ «አጎቴ፣ ይቺን እይልኝማ!» ብሎ አቀበለኝ።

ፎቶግራፉ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ ዐይኑ የጎደጎደ የአንድ ሕፃን ነው። ከበላዩና ከበታቹ በእንግሊዝኛ ትላልቅ ፊደላት ተጽፎበታል። ቃሉን እንዳለ አልደግመውም፤ ከደገምኩት እኔም አንድ እርምጃ አራመድኩት ማለት ነውና። ፍሬ ነገሩ ግን ሕፃኑን ምግብ ቤት ገብቶ ያዘዘው ምሳ እንደዘገየበት ደንበኛ አስመስሎ ማናገር ነው። «ኢትዮጵያ» የሚል ቃልም አለበት።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ከማሰቤ ቀደመ።

እናቴ «ምንድን ነው? እስቲ ልየው» አለች። ልጁ ሲያንገራግር ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ ጽሑፉ ምንም አልነገራትም። ያየችው ሕፃኑን ብቻ ነው። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው እንኳ አላወቀችም። ከዚያም ቀና ብላ «የማን ልጅ ነው?» ስትል ጠየቀችን።

እኔም ልጁም መልስ አልነበረንም። እርሷም ሌላ ቃል ሳትጨምር ጀበናውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በተማሪነቴ ዘመን ስለ ባህልና ስለ መገናኛ ብዙኃን የያዝኳቸውን ማስታወሻዎች አገላበጥኩ። እንዲህ ከስልክ ወደ ስልክ የሚዛመተውን ሥዕል ወጣቶቻችን «ሚም» ይሉታል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ሪቻርድ ዶኪንስ ሲሆን፣ «የተቀዳ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የወሰደው ነው። ሰውየው ስለ ሃይማኖት ያለው አቋም ከእኛ ጋር እንደማይገጥም የታወቀ ነው። ሆኖም አንድ ነገር አስተውሏል፤ ይኸውም ዜማም ሆነ አባባል ከአእምሮ ወደ አእምሮ የሚሰራጨው እውነት ወይም ጠቃሚ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለመቀዳት ስለሚመች መሆኑን ነው። የእኔም ሳቅ የተቀዳ ሳቅ ነበር።

ሁለተኛው ሰው ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ ጸጉር ቤት ሆኖ ስላየው አንድ የመጽሔት ሽፋን ይተርካል። በሽፋኑ ላይ የፈረንሳይን የደንብ ልብስ የለበሰ ጥቁር ወጣት ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል። ላይ ላዩን የሚታየው ይኸው ነው። ሥዕሉ በሆዱ የያዘው ግን ሌላ ነው፤ ፈረንሳይ ታላቅ ግዛት ናት፣ በቅኝ የያዘቻቸውም ሕዝቦች ወደው ያገለግሏታል የሚል። ይህ ሁለተኛው መልእክት እንዲገባ ደግሞ ወጣቱ የራሱን ታሪክ መልቀቅ አለበት። ከየት መጣ? እናቱ ማን ናት? እነዚህ ጥያቄዎች ከተጠየቁ ሥዕሉ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል።

በስልኩ ላይ ባለው ሕፃንም የደረሰው ይህ ነው። መጀመሪያ አንድ ልጅ ነበር። ቀጥሎ «ረሃብ» ሆነ። ከዚያ «ኢትዮጵያ» ሆነ። በመጨረሻም መሣቂያ ሆነ። በእያንዳንዱ ደረጃ ከልጅነቱ አንድ ነገር ተቀንሶበታል።

ይህ ዓይነቱ ሥዕል ከአገራችን ስም ጋር የተጣበቀበት ቀን ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984፣ በእኛ በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ቢቢሲ በያኔው የወሎ ክፍለ ሀገር ከምትገኘው ከኮረም የተቀረጸ ዘገባ አሰራጨ። ዘጋቢው ማይክል በርክ፣ ቀራጩ ደግሞ የናይሮቢው ተወላጅ ሙስሊም ሙሐመድ አሚን ነበር። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1978 የመካን ሐጅ በፎቶግራፍ የሚያሳይ መጽሐፍ ያሳተመ፣ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰ የጥይት መጋዘን ፍንዳታ አንድ እጁን ያጣ፣ በ1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ሕይወቱ ያለፈ ባለሙያ ነው። የኮረም ሥዕሎቹ የድረሱልን ጥሪ ነበሩ። ዓለምም ሰምቶ እህልና ገንዘብ ልኳል። ዳሩ ግን ያው ምስል ጦርነቱን፣ የመንግሥቱን አያያዝና የጠፋውን ዝናብ እየጣለ ሲዞር ወደ ቀልድ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1997 «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው የአሜሪካ የካርቱን ፊልም ረሃብተኛ ኢትዮጵያዊ ሕፃን መሣቂያ አድርጎ አቀረበ። የእህቴ ልጅ የተቀበለው ቀልድ እንግዲህ ከእርሱ ዕድሜ የሚበልጥ ነው።

ሦስተኛው ምሁር የጃማይካ ተወላጁ ስቱዋርት ሆል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 እንደጻፈው ተመልካች አንድን መልእክት በሦስት መንገድ ሊቀበለው ይችላል፤ ላኪው እንደፈለገው፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን በመተው፣ ወይም ጨርሶ በተቃራኒው። እኔ የሳቅሁት ላኪው እንደፈለገው ነው። የእህቴ ልጅ በማግስቱ «አጎቴ፣ የድሮ ነገር እኮ ነው፤ በእኛ ላይ አይደለም። የሠራሁትም እኔ አይደለሁም፣ ያሳለፍኩት ብቻ ነው» ሲለኝ በሁለተኛው መንገድ መሄዱ ነበር። በሦስተኛው መንገድ ያየችው ፊደሉን የማታውቀው እናቴ ብቻ ናት።

በማግስቱ ማታ፣ ሁለተኛው ስኒ ቶና ሲቀዳ፣ እናቴ ሳንጠይቃት ተናገረች። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ታናሽ ወንድሟን በጀርባዋ አዝላ ኮረም የገባች መሆኑን ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም። «ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ሲከብድ ግን የሁለት ዓመት ልጅ ያህል ነበር» አለች። «ፈረንጆቹ ሲያነሡን ‘ሳቅ በል፣ ያማረ ፎቶ ይውጣልህ’ አልኩት። እሱም ሊሥቅ ሞከረ።» ልጁ ከዚያ ሰፈር አልወጣም። ስሙንም ነገረችን። የእኔው ስም ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስሜን ከየት እንዳመጣችው ጠይቄያት አላውቅም።

የእህቴ ልጅ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ኤዶ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1988 ከሐርጌሳ ቦምብ ሸሽተው፣ ከጅጅጋ ወዲያ ካለው የሐርታሼህ የስደተኞች ሰፈር የገቡ ናቸው። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2004 እስከተዘጋበት ጊዜ ድረስ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ኖሮበታል። «ወላሂ፣ እኛንም ውኃ ስንጠብቅ ብዙ አንሥተውናል» አሉ። «ስምሽ ማነው ያለኝ ግን የለም። እኛ ሶማሌዎች ለድርቅ እንኳ ስም እናወጣለን። ያ የሰባዎቹ ድርቅ ‘ዳባዴር’ ይባላል፣ ባለረጅም ጭራው ማለት ነው። ልጅ ደግሞ አፉን ሲፈታ አብቲርሲ እናስተምረዋለን። አባቱን፣ የአባቱን አባት፣ እስከ ላይ ይቆጥራል። የማን ልጅ እንደሆነ የታወቀ ልጅ አይሣቅበትም፤ ዘመድ አለውና።»

ውድ አንባቢያን፣ ምሁራኑ በብዙ ገጽ የጻፉትን እነዚህ ሁለት እናቶች በቡና ሰዓት ጨረሱት። ይህ ደግሞ ለእኛ ለሙስሊሞች አዲስ መሆን አልነበረበትም። ሱረቱል ሑጁራት የደረሰንን ወሬ እንድናጣራ ያዛል፤ አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ ይከለክላል፤ ሕዝቦችና ጎሳዎች የሆንነውም እርስ በርስ እንድንተዋወቅ መሆኑን ይነግረናል። ማጣራት፣ አለመሳለቅና መተዋወቅ በአንድ ሱራ ውስጥ መምጣታቸውን ልብ በሉ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ከውሸት እንደማይድን አስተምረዋል። ስለዚህ «ያሳለፍኩት ብቻ ነው» የሚለው ቃል መከላከያ አይሆንም።

የእናቴን ጥያቄ ሌሎች ጠይቀው መልስ ያገኙበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1993 ደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ካርተር በያኔዋ ሱዳን፣ አዮድ በተባለ መንደር፣ መሬት ላይ የተደፋ ሕፃንና ከኋላው የቆመ ጥንብ አንሣ በአንድ ፎቶ አነሣ። በ1994 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘበት፤ በዚያው ዓመት የራሱን ሕይወት አጠፋ። ዓለም ሁሉ «ልጅቷ» እያለ ሲያወራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2011 የስፔኑ ጋዜጣ «ኤል ሙንዶ» ሰው ልኮ አስጠየቀ። አባቱ ተገኙ። ልጁ ወንድ ነበር፤ ያንን ረሃብም አልፎ ዓመታት ኖሯል፤ የሞተው በኋላ፣ በትኩሳት ነው። አንድ ሰው ሄዶ «የማን ልጅ ነው?» እስኪል ድረስ ዓለም ወንድ ይሁን ሴት እንኳ ሳያውቅ አሥራ ስምንት ዓመት ተመልክቶታል።

የእህቴ ልጅ ሥዕሉን ከስልኩ አጠፋው። ነገር ግን ቀድሞ ወደ አራት ቡድኖች ልኮት ነበር፤ ከነዚያ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። በስልክ የተላከ ነገር እንደ ተፈታ ፍየል በስሙ ቢጠሩት አይመለስም። እርሱም የቻለውን አደረገ። ለአራቱም ቡድኖች እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ትናንት የላክሁት ሥዕል ስሕተት ነው። የአያቴ ወንድም እንዲህ ሆኖ ነው ኮረም ላይ የሞተው። አፉ በሉኝ።» ከአንደኛው ቡድን አንድ የክፍል ጓደኛው ለብቻው መልሶ ጻፈለት። ቤተሰቡ የሲቲ ዞን አርብቶ አደሮች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ነው ወደ ጅጅጋ የገቡት። ሥዕሉን ሲያይ ምንም እንዳላለ፣ ነገር ግን ከእርሱ ጋር መቀመጥ ትቶ እንደነበር ነገረው። አሁን እንደገና አብረው ይቀመጣሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችንን ስልክ መንጠቅ ብቻውን መፍትሔ አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ ትልቅ ሰው ሆኜ ስቄያለሁና። ይልቁንስ እናቴ ያስተማረችንን አንዷን ጥያቄ እናስለምዳቸው፤ እኛም እንልመዳት። ሥዕል ሲመጣ፣ ጣታችን ወደሚቀጥለው ሰው ከመላኩ በፊት «የማን ልጅ ነው?» እንበል።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንንም ጣታችንንም ከወንድሞቻችን ክብር ይጠብቅልን፤ ስማቸው ሳይታወቅ ያለፉትንም በራሕመቱ ይቀበላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።