ወጌሻዋ ያሸችው ክንድ

መስቀል አደባባይ ታክሲ ስንጠብቅ በዚያ ቤት በር ስንቴ እንዳለፍን እኛው አናውቀውም። እኔና እህቴ ማለታችን ነው። ባለፈው ግን አያታችን "እስቲ ግቡና እዩልኝ" አለችን። ምኑን ብለን አልጠየቅናትም። የእናታችን ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. አንድ ማታ ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ሬሳው ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካርም አልወጣለትም።

የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከጅምላ መቃብር የወጡ ራስ ቅሎችና አጥንቶች በመስታወት ውስጥ ተደርድረዋል። እውነት እንናገር ካላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ሳንቆይ ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን።

ከሁለታችን አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቀን የለ? ማንበብ ጀመርን። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1984 ዓ.ም. ሲቋቋም መቃብሮቹ እንደ ማስረጃ መቆፈር ነበረባቸው። ሙያውን በገዛ አገራቸው የጠፉ ሰዎች ላይ የተማሩ የአርጀንቲና ባለሙያዎችም መጥተው አግዘዋል። የዳሌ አጥንት ወንድ ይሁን ሴት ይናገራል። የአንገት አጥንት ደረት የሚነካው ጫፉ ከሁሉም ዘግይቶ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ነው የሚገጥመው። ካልገጠመ ሟቹ ወጣት ነበር ማለት ነው። እህቴ ይህን ስታነብ እጇን አንገቷ ሥር አደረገች። እኛም እኮ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነን።

አጥንት ዕድሜ ይናገራል እንጂ ስም አይናገርም። ስሙን የሚያውቀው ቤተሰብ ነው። ከእናት ብቻ የሚወረስ የዲኤንኤ ዓይነት አለ፤ ከአያታችን ወደ አጎታችን፣ ወደ እናታችን፣ ከእሷም ወደ እኛ ወርዷል። አያታችን አርጅታለች፤ እሷ ብታልፍም እንኳ ናሙናው እኛ ጉንጭ ውስጥ አለ። ይህን ስናውቅ ደስ ይበለን ይክፋን አላወቅንም።

ቤት ስንገባ በር ላይ ጠበቀችን።

"አያችሁት?"

"አጥንት አየን እማማ። የሱ መሆኑን ግን አላወቅንም።"

ዝም አለች። እኛ ደግሞ ደብተር አወጣን። ቁመቱስ? ጥርሱስ? የተሰበረ ነገር ነበረው? የዳነ ስብራት አጥንት ላይ ምልክት ይተዋል፤ በሱ የተለየ ሰው ብዙ ነው።

"ግራ ክንዱን" አለች፣ "ዛፍ ላይ ወድቆ። በዘጠኝ ዓመቱ። ወጌሻዋ ናት ያሸችው። ትንሽ ጠምዘዝ ብሎ ነው የዳነው።"

ይህን ለአርባ ስምንት ዓመት የጠየቃት አልነበረም።

እናንተስ ቤት ግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ አለ? እንግዲያው ናሙና የሚጠይቅ እስኪመጣ አትጠብቁ። አያቶቻችሁ ሳሉ ጠይቁና ጻፉ። የእኛ ደብተር የመጀመሪያ መስመር ላይ "ግራ ክንድ፣ በልጅነት የተሰበረ" ይላል።