በስኮትላንድ የገጠር ከተሞች

ወዳጄ አንባቢ፤ ከስኮትላንድ የተመለሰ ሰው ሁሉ የሚያወራልህ ስለ ኤዲንበራ ግንብ ነው። የግንቡን ውበት አልክድም። ነገር ግን ደመወዙን እየቆጠረ የሚኖር መምህር በኤዲንበራ፣ ይልቁንም የትያትሩ በዓል በሚከበርበት በነሐሴ ወር፣ ለአንድ ሌሊት አልጋ የሚከፍለው ገንዘብ በገጠር ከተማ ሁለት ሦስት ሌሊት ያሳድረዋል። ለአጭር ትምህርት ወደዚያ አገር ሄጄ ሳለሁ የተረፉኝን ቀኖች በትንንሾቹ ከተሞች ያሳለፍሁት ስለዚህ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ስለ ማደሪያ ላስቀድም። ብዙ ቤተ ሰቦች ትርፍ ክፍላቸውን ለእንግዳ ያከራያሉ፤ ይህንንም «አልጋና ቁርስ» ይሉታል። ቁርሱ ምሳ ያስረሳል፤ እንቁላሉ፣ የአሳማ ሥጋው፣ ከደም የተሠራው ቋሊማ ሳይቀር ይደረደራል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ብትሆን ግን አትጨነቅ። የአጃ ገንፎ በውሃና በጨው ማብሰል የአገሩ የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፣ ለባለቤቲቱ ማታውኑ መንገር ይበቃል። ከዚህም የረከሰ ለሚሻ በ1931 የተቋቋመው የወጣቶች ማደሪያ ማኅበር አለ፤ በማደሪያዎቹ ራስህ የምታበስልበት ወጥ ቤት ታገኛለህ። ድንኳን ያለው ደግሞ በ2003 በወጣው የመሬት ሕግ መሠረት ሰብል ሳይረግጥና ቆሻሻ ሳይጥል በሰው ሜዳ ላይ እንኳ ሊያድር ይችላል፤ በአንዳንድ ሐይቆች ዳር ብቻ ፈቃድ ይጠየቃል። በሰኔና በሐምሌ የሚነክሱት ጥቃቅን ትንኞች ግን ፈቃድ አይጠይቁም!

በፒትሎክሪ ከተማ የታመልን ወንዝ የሚገድብ የኤሌክትሪክ ግድብ አለ። ሳልመን የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ሽቅብ ሲጓዝ ግድቡ እንዳያግደው፣ 34 ኩሬዎች እንደ ደረጃ ተሠርተውለታል። በሜልሮዝ የፈረሰውን ገዳምና፣ በ1883 ሰባት ለሰባት የሚጫወቱት ራግቢ የተጀመረበትን ከተማ አይቼ አለፍሁ። ዊግታውን አንድ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ስትሆን፣ በ1998 የአገሪቱ የመጻሕፍት ከተማ ተብላ ተመርጣለች። በዚያ አንድ የመጻሕፍት ሱቅ ከነፎቁ ለእንግዳ ይከራያል፤ ተከራዩ ማታ ከፎቁ ያድራል፣ ቀን መጽሐፍ ይሸጣል።

ላርበርት ለእኛ ሰው የተለየች ናት። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ የተቀበረው በዚያ ነው፤ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። የመቃብሩ ሐውልት ከብረት የተሠራ ነው። ከአገራችን ይዟቸው ከወጣው የግዕዝ መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። አብዛኞቹ መጻሕፍት ዛሬ በኦክስፎርድ ይገኛሉ። በሐውልቱ አጠገብ ቆሜ ልመርቀው ወይስ ልውቀሰው እንደሚገባኝ ሳልወስን ባቡሬ ደረሰ።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን ከክሪፍ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የኢነርፔፍሬ ቤተ መጻሕፍት ነው። በ1680 ገደማ አንድ ባላባት ለአካባቢው ሕዝብ ያቆመው ነው። ከ1747 ጀምሮ መጽሐፍ የተዋሰ ሰው ስሙ በመዝገብ ይጻፍ ነበር፤ ውሰቱም እስከ 1968 ዘልቋል። በመዝገቡ ውስጥ ሸማኔው፣ ግንበኛው፣ ተማሪው ይገኛሉ። ሸማኔ! ወዳጄ፣ በእኛ አገር በዚያ ዘመን ሸማኔ ምን ይባል እንደነበር ታውቃለህ። በዚያ ግን መጽሐፉን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ መጽሐፉም ይመለስ ነበር፤ ብዙዎቹ ዛሬም ከመደርደሪያው ላይ አሉ።

እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መጻሕፍቱ «ይጠፋሉ» ተብለው በቁልፍ ይኖሩ ነበር። ስመለስ አንድ ወፍራም ደብተር ገዝቼ በእጄ አሰመርሁና፣ ቁልፉን ከሦስት ሳምንት ልመና በኋላ ተረከብሁ። እስከ ዛሬ 61 ተማሪዎች ፈርመው ወስደዋል። ሁለት መጻሕፍት አልተመለሱም፤ ዲሬክተሩ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ ስለ ሁለቱ ነው።